የፊት ፓራውልት በቤት ሲፈታ፦ ስለ ፕራዶና ስለ ዘመዶቿ የቀረቡ ጥያቄዎች

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአንድ ዕቃ ዙሪያ ናቸው፤ የፊት ፓራውልት። ባምፐር የሚሉትም አሉ፤ ጋራዥ ገብተው ፓራውልት ካሉ ግን ሁሉም ይግባባዎታል። የመኪኖቹን ዓመት እንደ ሰነዳቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ፕራዶዬ የ2012 ሥሪት ናት። ግቢ ስትገባ የፊት ፓራውልቷ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተፋትጎ በግራ ጥጉ ቀለሙ እስከ ፕላስቲኩ ተልጧል። ቀቢው «ፈተህ ካመጣህልኝ ሒሳቡን እቀንስልሃለሁ» አለኝ። መፍቻ መያዝ አያስፈራኝም፤ ይህን ግን ፈትቼ አላውቅም። ምን ያስፈልገኛል? ከየትስ ልጀምር? (ከአዲስ አበባ፣ ሰሚት)

መልስ፦ ይችላሉ፤ ቢፈታም ይሻላል። መኪናው ላይ እንዳለ የተቀባ ፓራውልት የቀቢው የወረቀት ፕላስተር ያቆመበት መስመር ጠርዙ ላይ ይቀርበታል። በኋላ ቀለሙ መላጥ የሚጀምረው ከዚያ መስመር ነው።

መጀመሪያ የሚፈቱትን ነገር ይወቁት። ከውጭ የሚታየው የፕላስቲክ ቅርፊት ነው። ከጀርባው ግጭትን የሚቀበል የብረት ባር አለ፤ እሱ በወፍራም ብሎን ከሻንሲው ጋር ታስሯል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ጠጣር ፎም ይቀመጣል። የእርስዎ ሥራ ፕላስቲኩ ላይ ብቻ ነው። ክብደቱን አንድ ሰው ይችለዋል፤ ነገር ግን የእርስዎ ዓይነት ፕራዶ፣ ፕራዶ 150 የምትባለው፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ88 ሳንቲ ስለሆነ አንድ ሰው ሁለቱን ጥግ እኩል መያዝ አይሆንለትም። ለመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ረዳት ያስፈልግዎታል።

ከሁሉም በላይ የሚይዙት አንድ ነገር ይህ ነው፦ ፓራውልቱ እምቢ ካለ ያልተፈታ ነገር ቀርቷል። የሚሰበረው ሁሉ፣ ጥርሱም (ፕላስቲኩን ቆልፎ የሚይዘው ትንሽ ጉብታ)፣ የመብራቱ ጆሮም፣ የፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ጠርዝም፣ «ትንሽ ሳብ ሲደረግ ይወጣል» ሲባል ነው የሚሰበረው።

የሚያዘጋጁት ዕቃ ብዙ አይደለም። ቁጥር 10 መፍቻ፣ የሚቻል ከሆነ ራቼት ያለው ከ15 ሳንቲ ማራዘሚያ ጋር፤ ከሥር ላለው ሽፋን ቁጥር 12ም ሊያስፈልግ ይችላል። መካከለኛ ባለ መስቀል ካቻቢቴ። ቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ጫፉ በፕላስተር የተጠቀለለ። ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር፣ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት፣ የስልክዎ መብራት፣ እና ከ10 እስከ 15 መለዋወጫ ክሊፕስ (ሽፋኖችን የሚያያይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ)። የእንቁላል ካርቶን ካለዎትም ያምጡት። የላዩን ክሊፕሶች በአንድ ረድፍ፣ የግራ ጎማ ቤቱን በሌላ፣ የቀኙን በሦስተኛው ካስቀመጧቸው ሲገጥሙ የትኛው የየት ነበር ብለው አይቸገሩም። ከመፍታትዎ በፊትም እያንዳንዱን ቦታ ፎቶ ያንሱ፤ የብሎንና የክሊፕስ ቁጥር በሥሪት ዓመቱና በመኪናው ደረጃ ይለያያልና።

ሥራውን ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ያድርጉት። የአዲስ አበባ ጠዋት ፕላስቲክን ያደርቃል፤ በአራት ሰዓት የሚታጠፈው ጥርስ በአንድ ሰዓት ይሰበራል። አስቀድመው የጎማ ቤቶቹንና የሥሩን ጠርዝ በውሃ ያጥቡ። ክሊፕስ ውስጥ የገባ ደረቅ ጭቃ መሐል ፒኑን እንደ ስሚንቶ ይይዘዋል።

ከጎማ ቤቱ ይጀምሩ። ብዙ ሰው ኮፈን ከፍቶ ከላይ ይጀምራል፤ እኛ ከጎማ ቤት የምናስጀምረው ለመሪው ስንል ነው። በግራ በኩል ሲሠሩ መሪውን ሙሉ ለሙሉ ወደ ቀኝ፣ በቀኝ ሲሠሩ ወደ ግራ ማዞር አለብዎት፤ የጎማው ፊት ወደ ውስጥ ሲገባ ለእጅዎ ቦታ ይለቅቃል። ባትሪው ከተላቀቀ በኋላ መሪው ከተቆለፈ ግን ማዞር አይችሉም። ስለዚህ ሁለቱንም ጎማ ቤት ይጨርሱና ከዚያ ወደ ባትሪው ይሂዱ። መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቁም፣ የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ የኋላ ጎማ ታኮ ይደረግበት። በክሪክ ማንሳት አያስፈልግም፤ ፕራዶ ከመሬት 22 ሳንቲ ገደማ ከፍ ስለምትል ጎንበስ ብለው ይደርሱበታል።

ከጎማው ፊት ለፊት ያለው ጥቁር ሽፋን ከፓራውልቱ ጠርዝ ጋር በክሊፕስና በብሎን ተያይዟል። እነሱን ብቻ ይፍቱ፤ ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ ማውጣት አይጠበቅብዎትም። ቀጥሎ ሽፋኑን በአንድ እጅ ወደ ጎማው ሳብ አድርገው በስልክዎ መብራት ወደ ላይ ይመልከቱ። የፓራውልቱ ጥግ ከፓራፋንጎው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከውጭ ፈጽሞ የማይታይ፣ ወደ ላይ የተመታ ብሎን ያገኛሉ። ሰው ሁሉ የሚረሳው ይህንን ነው። ይህ ሳይፈታ ጥጉ ሲሳብ የፓራውልቱ ጆሮ ይቀደዳል፤ ጆሮው ከተቀደደ ደግሞ ፓራውልቱ ከፓራፋንጎው ጋር ዳግመኛ እኩል አይቀመጥም።

ከሥር የፓራውልቱ የታች ጠርዝ ከሞተር ሥር ሽፋኑ ጋር በረድፍ ታስሯል። እዚህ የሚፈቱት ፓራውልቱን የያዙትን ብቻ ነው። ሽፋኑን ከሻንሲው ጋር የያዙትን አይንኩ፤ አለዚያ ሽፋኑ ፊትዎ ላይ ይወድቃል።

አሁን ኮፈኑን ይክፈቱና የባትሪውን ኔጌቲቭ በቁጥር 10 ያላቁ። ከዚያ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ። ኤርባጉ መብራት ቢቋረጥም ለመፈንዳት የሚበቃ ኃይል ለጥቂት ጊዜ ያከማቻል፤ የፊት ግጭት ሴንሰሮቹ ደግሞ እጅዎ በሚገባበት አካባቢ ናቸው። መስኮቶቹ በአንድ ጊዜ ንክኪ የሚዘጉ ከሆነ ባትሪው ሲመለስ ያንን እንደገና ማስለመድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሰዓቱንም ይሞላሉ።

ከራዲያተሩ በላይ ያለውን ጥቁር ሽፋን ያንሱ። የያዙት ክሊፕሶች ናቸው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ጀማሪ ክሊፕስ የሚፈጀው እዚህ ነውና። ክሊፕሱን ቀርበው ይዩት። ክብ ራስ አለው፤ በመሐሉ ሌላ ትንሽ ክብ። በቶዮታ ላይ በብዛት የሚገኘው ዓይነት መሐሉ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ነው የሚፈታው። በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ ሲያደርጉት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይሰምጥና «ቀጭ» ይላል፤ ያን ጊዜ ከሥር ያሉት እግሮች ይሰበሰባሉ፣ ራሱን በጥፍርዎ ያነሱታል። ከዚያ በላይ አይግፉት፤ ፒኑ ከሥር ይወድቅና ይጠፋል። ሁለተኛው ዓይነት የመሐሉ ራስ ዙሪያውን ቀጭን ክፍተት አለው፤ እሱ ወደ ላይ ይነሳል እንጂ አይገፋም። ሦስተኛው ራሱ ላይ መስቀል አለው፤ በካቻቢቴ ቀስ ብሎ እየዞረ ይወጣል፤ አብሮ ከዞረ ከሥሩ በጠፍጣፋው ካቻቢቴ ትንሽ ደገፍ ያድርጉት። ዓይነቱን ሳይለዩ በፒንሳ መንቀል ክሊፕሱን መስበር ብቻ አይደለም፤ የተሰካበትንም ቀዳዳ ያሰፋል።

ቀጥሎ ግሪሉ ነው። ከላይ በብሎንና በክሊፕስ፣ ከታች በጥርሶች ተይዟል። የላዩን ይፍቱ፤ ከዚያ በሁለት እጅ ከጥግ እየጀመሩ ወደ ራስዎ ይሳቡት። ጥርሶቹ አንድ በአንድ ሲለቁ ይሰማል። ግሪሉ ሲነሳ ከጀርባው ፓራውልቱን ከላይ የያዙት የቀሩት ብሎኖች ይታያሉ።

የፓራፋንጎዎቹን ጠርዝና የመብራቶቹን ሥር በወረቀት ፕላስተር ሁለት ዙር ይሸፍኑ። መሬት ላይ ብርድ ልብሱን ያንጥፉ። ረዳትዎ በአንድ ጥግ፣ እርስዎ በሌላው ይቁሙ። በጎማው በኩል ያለውን ጠርዝ በሁለት እጅ ይያዙና ወደ ጎን፣ ማለትም ከመኪናው ወደ ውጭ ይሳቡት፤ ወደ ፊት አይደለም። ከመብራቱ ሥር ያለው የጎን መያዣ ጥርሶቹን «ቶክ፣ ቶክ» እያለ እስከ መብራቱ ጫፍ ይለቃል። ሁለቱም ጥግ ከለቀቀ በኋላ አብራችሁ ወደ ፊት 10 ሳንቲ ያህል አምጡት፤ እዚያ ያቁሙ።

ከዚህ በላይ ከሳቡ ገመድ ይቆረጣል። የጉም መብራቶቹ ሶኬት አለ፤ የፓርኪንግ ሴንሰር ካላት የእነሱም፤ የመብራት ማጠቢያ ካላት የውሃ ቱቦ። ሶኬት እምቢ ሲል መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገፋ ያድርጉት፣ ምላሱን ይጫኑ፣ ከዚያ አካሉን ይዘው ይሳቡ፤ ሽቦውን አይሳቡ። አቧራ ምላሱን ስለሚይዘው ያለዚህ ግፊት አይለቅም። የማጠቢያው ቱቦ ሲነቀል ከማጠራቀሚያው ውሃ ይፈሳል፤ ከሥሩ ዕቃ ያድርጉ፣ ጫፉን ከፍ አድርገው ይሰሩት።

ፓራውልቱን ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገው ያስተኙት። ከጀርባው ፒፒ (PP) የሚል ምልክት ታትሞበት ካዩ ለቀቢው ያሳዩት፤ ፖሊፕሮፒሊን ነው ማለት ነው። በዚህ ፕላስቲክ ላይ ተራ መሠረት ቀለም አይጣበቅም፤ የፕላስቲክ ፕራይመር ካልቀደመ በሚቀጥለው ክረምት እንደ ሽንኩርት ይላጣል። በእርስዎ መኪና ቀለሙ እስከ ፕላስቲኩ ስለተነሳ ይህ የግድ ነው። የቀለሙ ቁጥር ደግሞ በመኪናዋ መለያ ሰሌዳ ላይ ለቀለምና ለውስጥ ልባስ በተሰጠው መስመር አለ። 040 ከሆነ ተራ ነጭ ነው። 070 ከሆነ ግን በሦስት ንብርብር የሚሠራ ዕንቁ ነጭ ነው፤ ለማመሳሰል ከባድ ስለሆነ ቀቢው ከሌላ ፕላስቲክ ላይ ሙከራ ቀብቶ ከፓራፋንጎው አጠገብ በፀሐይ ብርሃን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

ፓራውልቱ ቀቢው ዘንድ እያለ ፊቷ የተከፈተች መኪና ቆማለች፤ ይህን ዕድል አያሳልፉት። የኤሲ ኮንዴንሰሩ መሐል የተጠቀጠቀውን አቧራና ነፍሳት በቀላል የውሃ ግፊት ያጥቡት። የመኪና ማጠቢያ ከፍተኛ ግፊት ግን ቀጫጭኖቹን የአልሙኒየም ክንፎች ያጣጥፍና አየር ይዘጋል። የክላክሱን ሶኬቶች ያራግፉ። ኮንዴንሰሩ ፊት ለፊት የተንጠለጠለችውን የውጭ ሙቀት ሴንሰር ከነካኩ ሶኬቷን ይመልሱ፤ ካልተመለሰች የሙቀት ማሳያው ይዛባል፣ ኤሲውም ላይሠራ ይችላል።

ሲገጥሙ ቅደም ተከተሉ የፍቺው ግልባጭ ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ይለያል። አንደኛ፣ ሶኬቶቹን ሰክተው ባትሪውን ለጊዜው ያገናኙና የጉም መብራቶቹን ያብሩ፤ ከተዘጋ በኋላ አንዱ እምቢ ቢል እንደገና መፍታት ነው። ከሞከሩ በኋላ ባትሪውን መልሰው ያላቁ። ሁለተኛ፣ ማንኛውንም ብሎን ሁሉም ቦታውን ሳይዝ አያጥብቁ። የመብራቱ ሥር ያሉት ጥርሶች በመዳፍ ተመተው ይገቡ፣ ጥጎቹ ከፓራፋንጎው ጋር እኩል ይሁኑ፣ ከዚያ ከላይ መሐል ጀምረው ወደ ጥጎቹ፣ በመጨረሻም የሥሩን ያጥብቁ። ራሳቸው ቁጥር 10 የሆኑት እነዚህ ብሎኖች ስድስት ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ናቸው፤ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃቸዋል። መፍቻውን አጠገቡ ይዘው በጣት ኃይል ማጥበቅ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል።

ጥያቄ፦ ላንድክሩዘር 200 አለኝ፣ የ2010። የጉም መብራት ለመቀየር ፓራውልቱን ስፈታ ግማሾቹ ክሊፕሶች እጄ ላይ ተፈረፈሩ። የተረፉትም ሲመለሱ አይይዙም። ጥፋቱ የኔ ነው? (ከዱባይ)

መልስ፦ የፀሐዩ ነው። የባሕረ ሰላጤው ሙቀትና የሞተሩ ግለት ከዓመታት በኋላ የክሊፕሱን ፕላስቲክ እንደ ብስኩት ያደርገዋል። በእንደዚህ ያለ መኪና አሮጌውን ለማዳን መድከም ዋጋ የለውም፤ ከመጀመርዎ በፊት 20 ያህል አዲስ ገዝተው ሁሉንም ይቀይሩ። ሲገዙ አንድ የተረፈ ናሙና ይዘው ይሂዱ። ወሳኙ የቀዳዳው ስፋት ነው፤ 7 ሚሊሜትር በብዛት አለ፣ ሌላ መጠን ግን ተቀላቅሎ ይገኛል። 8ቱን በ7 ቀዳዳ በግድ ማስገባትም፣ 7ቱን በ8 ቀዳዳ ማንጠልጠልም ያው መንቀጥቀጥ ነው።

ያልተሰበሩት «አይይዙም» ያሉት ግን ምናልባት ጤነኛ ናቸው። መሐሉ ሰምጦ እንዳለ መልሰው ከሰኩት እግሮቹ አይከፈቱም። መጀመሪያ ፒኑን ከእግሮቹ በኩል ገፍተው ከራሱ በላይ እንዲወጣ ያድርጉ፤ ክሊፕሱን ቀዳዳው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያስገቡ፤ ከዚያ ፒኑን ከራሱ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ ይጫኑ። እኩል ሲሆን ይቆልፋል፤ ከሰመጠ ተፈትቷል።

ሽቦ ወይም የእንጨት ብሎን በክሊፕስ ምትክ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። እባክዎ አያድርጉት። የእንጨት ብሎን ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ክሊፕስ ቢገኝም የሚይዝበት የለም። ሽቦው ደግሞ በንዝረት እየፋቀ ፕላስቲኩን ይቆርጠዋል።

ጥያቄ፦ ፓራውልቱ ተቀብቶ ከተገጠመ በኋላ በቀኝ መብራት ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ገጣሚው «ፕላስቲኩ ተጣሞ ነው፣ በሙቀት ይስተካከላል» ይላል። እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ፕላስቲኩን ከማሞቅ በፊት ሦስት ነገር ይታይ። በመብራቱ ሥር ያለው የጎን መያዣ ተሰብሮ ወይም ከብሎኑ ላልቶ ይሆናል፤ እሱ ራሱን የቻለ ርካሽ ፕላስቲክ ነው፣ የግራና የቀኝ ተለይቶ ይሸጣል፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለም ይገኛል። ሁለተኛው፣ በጎማ ቤቱ ውስጥ ወደ ላይ የሚመታው ያ የተደበቀ ብሎን ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል። ሦስተኛው፣ ከጀርባ ያለው ፎም ከቦታው ተንሸራትቶ ፓራውልቱን ወደ ፊት እየገፋው ይሆናል፤ ይህኛው ክፍተቱ በመሐልም በጥጉም ስለሚታይ ይለያል።

ለማወቅ ጥጉን በመዳፍዎ ወደ መኪናው ይጫኑት። ክፍተቱ ከተዘጋና እጅዎን ሲያነሱ ከተመለሰ መያዣው ወይም ብሎኑ ነው። ቢጫኑትም የማይዘጋ ከሆነ ከጀርባ የሚከለክል ነገር አለ፤ ወይም መኪናዋ ቀድሞ ተገጭታ የራዲያተሩ ደጋፊ ላሜራ ራሱ ተጎድቷል፤ ያን ጊዜ ሥራው የባትላሜራ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ፓራውልትን በእሳት ወይም በሞቃት አየር ማሞቅ ቀለሙን ያበላሻል፤ አይፍቀዱ።

ጥያቄ፦ ሌክሰስ ጂኤክስ 470፣ የ2006 ሥሪት እነዳለሁ። ክረምት ላይ በረዶ ውስጥ ፓራውልቱ ተሰነጠቀ፤ አዲስ አዝዤ ልቀይረው ስል የሥሩ ብሎኖች ዝገው ከነዳዶአቸው አብረው ይዞራሉ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የእርስዎ ሌክሰስ በመሠረቱ ፕራዶ 120 ናት፤ ጂኤክስ 460 ደግሞ የፕራዶ 150 እኅት። ስለዚህ ከላይ የጻፍነው አካሄድ ይሠራልዎታል። ችግርዎ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ማላቀቂያ ዘይት ማታ ይርጩ፣ ጠዋት ይድገሙ። ሲፈቱ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ ፍቺው፣ ሩብ ዙር እየሄዱ እየመለሱ። ዳዶው አብሮ መዞር ከጀመረ መፍቻ አይጨምሩ፤ ፕላስቲኩ ላይ የተሰካ የታጠፈ ላሜራ ዳዶ ስለሆነ ጎኑን በቀጭን ፒንሳ ይያዙት። ካልተያዘ የብሎኑን ራስ ይቁረጡት። አሮጌው ፓራውልት የሚጣል ስለሆነ ጠርዙ ቢጎዳም ግድ የለም፤ የሞተር ሥር ሽፋኑን ግን ይጠብቁ። እሳት አይጠቀሙ። አዲሶቹን ስድስት ሚሊሜትር ብሎኖችና ዳዶዎች ከነሙሉው ይግዙ፤ ጥርሳቸውን ቅባት ይቀቡ።

የታዘዘውን ፓራውልት ሳይቀባ መኪናው ላይ ይለኩት። የመብራት ማጠቢያና የፓርኪንግ ሴንሰር ቀዳዳ ያለውና የሌለው ተለይቶ ስለሚሸጥ የእርስዎን ዓይነት ያረጋግጡ። የፋብሪካው ካልሆነ የካፓ (CAPA፣ የመለዋወጫ ጥራት የሚያረጋግጥ የአሜሪካ ማኅበር) ማረጋገጫ ያለውን ይምረጡ፤ ክፍተቱ የተሻለ ይገጥማል። አንዴ ቀለም ከነካው በኋላ መመለሻ የለውም።

ጥያቄ፦ የ2018 ፕራዶ ፓራውልትና ግሪሉ ተፈትቶ ከተገጠመ ወዲህ የግጭት ማስጠንቀቂያው ስህተት ያሳያል፤ የፊት ፓርኪንግ ሴንሰሩም ምንም ሳይኖር ይጮኻል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የግጭት ማስጠንቀቂያ ባላቸው ሥሪቶች ራዳሩ ከግሪሉ አርማ ጀርባ ተቀምጦ በአርማው ውስጥ አሻግሮ ያያል። አርማው በሌላ ከተተካ፣ ቀለም ወይም ማስጌጫ ከተለጠፈበት፣ አልያም ራዳሩ ከነመያዣው ትንሽ ከተነቀነቀ አቅጣጫው ይዛባል። አርማውን ያጽዱ፣ ሶኬቱን ይዩ፤ ስህተቱ ካልጠፋ ማስተካከያው በኮምፒዩተርና በልዩ ዒላማ ነው የሚሠራው፤ በቤት አይሞከርም። በዚያ መሐል መኪናዋ ራሷ ፍሬን ትይዛለች ብለው አይመኑባት።

ሴንሰሮቹ ሲጮኹ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ቀቢው ዘንድ ነው። ሴንሰሩ ፊቱ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚልክ ነው፤ ወፍራም ቀለም ወይም ስቱኮ ሲደርስበት ራሱን እንደ እንቅፋት ያያል። ሁልጊዜ ከፓራውልቱ ወጥተው ለብቻቸው በስሱ መቀባት ነበረባቸው። ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ሙሉ በሙሉ ካልገቡ ወይም ጠመው ከቆሙም መሬቱን ያያሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ እያለ ጣትዎን በየሴንሰሩ ፊት በስሱ ያሳርፉ፤ የሚሠራው ቀጭ ቀጭ የሚል ትንሽ ንዝረት አለው። ንዝረት የሌለው ሶኬቱ አልገባ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከግጭት በኋላ መኪናዬ ስትመለስ ፎሙ የለም። ጋራዡ «ጌጥ ነው፣ ያለሱም ትሄዳለች» አለኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጌጥ አይደለም። ፎሙ ፕላስቲኩ ተገፍቶ ወደ ብረቱ ሲመጣ ኃይሉን ቀስ እያለ ይወስዳል። ከሌለ በእግር ፍጥነት የነካችው ግንብ ፓራውልቱን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ይሰነጥቀዋል፤ ግፊቱም ወደ ጎን መያዣዎቹና ወደ መብራቶቹ ጆሮ ያልፋል። እግረኛ ቢነካ ደግሞ ጉልበቱ በቀጥታ ብረት ያገኛል። አዲስም ያገለገለም ይገኛል። ሲገዙ ለሥሪት ዓመትዎ የሆነውን ይጠይቁ፤ ፕራዶ 150 በ2013ና በ2017 ፊቷ ስለተቀየረ የአንዱ ለሌላው አይገጥምም። የተሰነጠቀ ፎም በማስቲሽ ተጣብቆ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ሃርድቶፕ (ባለ 70 ላንድክሩዘር) ላይም አካሄዱ ይኸው ነው? (ከጅማ)

መልስ፦ አይደለም፤ ቀላልም ከባድም ነው። ፓራውልቱ ራሱ ብረት ሆኖ በወፍራም ብሎኖች ከሻንሲው ጫፍ ጋር ታስሯል፤ ክሊፕስና ጥርስ አያስጨንቅዎትም። ክብደቱ ግን ያስጨንቃል። ብሎኖቹን ማታ በዘይት ያርሱ፤ ከመፍታትዎ በፊት ፓራውልቱን በሁለት ጠንካራ ሳጥኖች ወይም በክሪክ ላይ በተደረገ ጣውላ ያስደግፉ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ብሎኖች ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ይፍቷቸው። ዊንች ካለበት ኬብሉን ከባትሪው በኩል መጀመሪያ ያላቁ።

ጥያቄ፦ ቀቢው ሦስት ቀን ያስፈልገኛል ይላል። በዚያ መሐል ያለ ፓራውልት ልንዳ? (ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ)

መልስ፦ ባይነዷት ይመረጣል። የፊት ሰሌዳው ፓራውልቱ ላይ ስለሚታሰር አብሮ ይሄዳል፤ ያለ ሰሌዳ መንገድ ላይ ትያዛለች። የግድ ካለ ሰሌዳውን ፈተው በብረት ባሩ ላይ አጥብቀው ይሰሩት። በጎማ ቤቱ የተንጠለጠለውን ሽፋን ወደ ውስጥ አጥፈው በፕላስቲክ ማሰሪያ ይያዙት፤ ካልተያዘ መሪ ሙሉ ሲዞር ጎማው ይነክሰዋል። ክፍት የቀሩትን የጉም መብራትና የሴንሰር ሶኬቶች በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው አፋቸውን ወደ ታች ያስሩ፤ አንድ ዝናብ ውስጣቸውን አረንጓዴ ያደርገዋል።